«ታዝዤ ነው» ከተጠያቂነት አያድንም

ጋሼ፣ ስለ ቀበሌና ወረዳ ሠራተኞች ሲጽፉ «የታዘዘ አይጠየቅም፣ የሚጠየቀው አዛዡ ነው» ብለዋል። ከመንዝ እስከ ቡልጋ ብዙ ሰው እንደ እውነት የሚናገረው ነገር ነው፤ ግን ስሕተት ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74 እንደሚለው፣ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመ የበታች ይቀጣል። አዛዡም ይጠየቃል፤ የአንዱ ጥፋት የሌላውን አያጥብም። እርግጥ ፍርድ ቤቱ የነበረበትን የመታዘዝ ግዴታ አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሊተውለት ይችላል። ይህን የሚመዝነው ግን ዳኛ ነው፤ «ታዘዝኩ» ስላለ ብቻ ማንም ነፃ አይወጣም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ደንግጓል።

አጥብቄ የያዝኩት በምክንያት ነው። ትእዛዝ ብቻውን ሰው አያስርም፣ ቤት አያሽግም፤ የሚፈጽም እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ያደገ የእኛው ልጅ ነው፤ «ይህ ሕገ ወጥ ነው፣ አልፈጽምም» ማለት የሚችለውም እሱ ነው። ጋሼ፣ እባክዎ ጽሑፉን ያስተካክሉት፤ ገና ሥራ የጀመሩ ወጣቶች እርስዎን አምነው ያነቡታል።