ባዮኒክ ክንድ ማስተርወርክ አይሰፋም፣ በቃ!

ዛሬስ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ሪምወርልድ የሚባለውን፣ ሰፈር እያቋቋሙ ሰዎችን የሚያስተዳድሩበት የኮምፒውተር ጨዋታ የምንጫወት ልጆች ባለንበት ግሩፕ ውስጥ አሁንም አንዱ የማስተርወርክ፣ ማለትም እጅግ ከፍተኛ ጥራት ያለው ኮት ፎቶ ለጥፎ «ለፓውኔ ሁለት ባዮኒክ ክንድ ስገጥምለት ወዲያው ይኼን ሠራልኝ፣ ሞክሩት» ብሎ ጻፈ (ፓውን ማለት ጨዋታው ውስጥ የምናዘው ሰው ነው፣ ባዮኒክ ክንድ ደግሞ የሚገጠምለት ሰው ሠራሽ ክንድ)። ከሥሩ ላይክ በላይክ። አንድ ሰው እንኳን «ስንት ኮት ሰፍቶ ነው ይኼ አንዱ የወጣው?» አላለም። ሎተሪ የወጣለት ሰው «ቲኬቱን በግራ እጄ ስለገዛሁት ነው» ቢላችሁ ትስቁበታላችሁ። እዚህ ሲሆን ምን ነካችሁ?

ለማያውቀው ላስረዳ። ጨዋታው ውስጥ የሚሠራ ልብስና መሣሪያ ሰባት የጥራት ደረጃ አለው፤ ከሁሉ ከከፋው ኦውፉል ይጀምርና በፑር፣ ኖርማል፣ ጉድ፣ ኤክሰለንት፣ ማስተርወርክ አድርጎ ሌጀንደሪ ላይ ያበቃል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ኦውፉል የወጣ ዕቃ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፣ ሌጀንደሪ ደግሞ እስከ 5 እጥፍ ያወጣል። ይህን የሚወስነው ከ0 እስከ 20 የሚሄደው የክራፍቲንግ (የዕቃ ሥራ) ስኪል እና ዕጣ ነው። ስኪል ሲጨምር ዕጣው ይቀናል እንጂ ዕጣ መሆኑ አይቀርም። ክንዱ፣ ዓይኑ፣ ታታሪነቱ፣ የክፍሉ መብራት የሚነኩት ፍጥነትን ነው። ባዮኒክ ክንድ 125 በመቶ ይሠራል፣ ኢንዳስትሪየስ የሚባለው ባሕርይ ሥራውን በ35 በመቶ ያፋጥናል፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሠራተኛ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። እና ባለ ባዮኒኩ ሰውዬ ቶሎ ይሰፋል፣ እሺ። ኦውፉሉንም ቶሎ ይሰፋል። በሳምንት ብዙ ኮት ስለሚያወጣ ከብዙው መሃል አንድ ማስተርወርክ ብቅ ሲል እናንተ ክንዱን ታመሰግናላችሁ።

ደግሞ ግራ መጋባታችሁ ይገባኛል፤ ጥፋቱ በከፊል የጨዋታው ነው። ቀዶ ጥገና ላይ እጅና ዓይን ውጤቱን ራሱ ይወስናሉ፤ እጁ የተጎዳ ሐኪም በሽተኛ ይገድላል። ግንባታ ላይም እጅና ዓይን ግድግዳው መቆም አለመቆሙን ይነካሉ። ልብስ ስፌት ጋ ሲደርስ ግን ያው እጅ ጥራቱ ላይ ምንም ድምፅ የለውም። ይህን ማን ነገረን? ማንም። የፓውኑን መረጃ ስትከፍቱ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻዋ በመቶኛ ዘርዝሮ ያሳያችኋል፤ ከየት ስንት እንደተጨመረ፣ ከየት ስንት እንደተቀነሰ። «ይኼ ሰው ኤክሰለንት የመሥራት ዕድሉ ስንት ነው?» ስትሉት ግን ጭጭ! በዚህ ዝምታ ነው እንግዲህ ጥንቆላው ሁሉ የሚገባው።

ልፈትሽ የሚል ሰው ደግሞ መከራውን ነው የሚያየው። እኔ በዴቭ ሞድ (ጨዋታውን እንደፈለጉ መቀየር በሚያስችለው ቅንብር) ስኪላቸው እኩል የሆኑ ሁለት ፓውኖች አስቀምጬ፣ ለአንዱ ባዮኒክ ገጥሜ፣ የሌላውን አንድ ክንድ ቆርጬ (ይቅርታ ወንድሜ፣ ለሳይንስ ነው) አንድ ዓይነት ኮት አሰፋቸዋለሁ። ሲሰፉ ስኪላቸው ያድጋል! ጨዋታው ለሥራው ያለውን ፍላጎት በነበልባል ምልክት ያሳያል፤ ባለ ሁለት ነበልባል የሆነ በ150 በመቶ ይማራል፣ ነበልባል የሌለው በ35፤ ፈተናው ሳይጋመስ እኩልነታቸው ይፈርሳል። ስለዚህ በየመሃሉ እያቆሙ ስኪሉን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ይኼ ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ሲሆን መብራት ይሄዳል፣ ባትሪዬ ደግሞ የስም ባትሪ ነው።

ይኼም አልፎ ተመስጦ አለላችሁ። ኢንስፓየርድ ክሪኤቲቪቲ የመጣለት ፓውን ቀጣዩ ሥራው በሁለት ደረጃ ከፍ ይላል፤ ጉድ ሊሆን የነበረው ማስተርወርክ ይሆናል። አይዲዮሎጂ የሚባለውን የጨዋታውን ተጨማሪ ክፍል የጫነ ሰው ደግሞ ፕሮዳክሽን ስፔሻሊስት የሚባል ሹመት ይሰጥና አንድ ደረጃ ያስጨምራል። የኮት ፎቶ ስትለጥፉ እነዚህን የጻፈ አላየሁም። በተለይ አንዱን ልብ በሉ፦ ሰው ሠራሽ አካል የሚወድ ባሕርይ ያለው ፓውን ክንዱ ሲገጠምለት ይደሰታል፣ ሙዱ ከፍ ሲል ተመስጦ ሊመጣለት ይችላል፣ ተመስጦው ማስተርወርኩን ይሰጣል። አያችሁ? ለፎቶው ልጅ እንዲህ ሆኖለት ሊሆን ይችላል፤ ይኼን ብሎ ቢጽፍ እጁን እስመው ነበር። «ክንድ ጥራት ይጨምራል» ብሎ ግን ጀማሪ ልጆች ያላቸውን ብር ሁሉ በባዮኒክ እንዲጨርሱ ያደርጋል፤ ከዚያ ወራሪ ሲመጣ ጥይት የለ፣ ምግብ የለ፣ ባለ ሁለት ባዮኒክ ልብስ ሰፊ ብቻ ቆሞ ይቀራል።

አስተያየት ላይ ይህን ሁሉ በትሕትና ጻፍኩ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ብሮ፣ እኔ ጋ ግን ሠርቷል።» ሌላው ደግሞ «አንተ ጨዋታ ነው የምትጫወተው ወይስ ቴሲስ ነው የምትጽፈው» አለኝ፣ ሳቅ ተከተለው።

ቴሲስ ከሆነም ይሁን። ከእንግዲህ የኮት ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ስኪሉ ስንት እንደሆነ፣ ተመስጦ ይኑረው አይኑረው፣ ሹመት እንዳለውና ከዚያ በፊት የሰፋቸውን ጭምር ይጻፍልኝ። ኦውፉሎቹንም ጭምር፤ እነሱን ሸጣችሁ ደብቃችሁ አንዷን ብቻ አታሳዩኝ።