የስበት ሕግና የጎረቤቴ በርሜል

የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች የኑሮ ውድነቱ ታይቶ በደመወዛችን ላይ ጥቂት እንዲጨመርልን ያስገባነው ማመልከቻ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሦስት ወር ሲንከባለል ከርሞ ባለፈው ሳምንት መልስ አገኘ። መልሱ ግማሽ ቀን የፈጀ የአመለካከት ለውጥ ሥልጠና፣ በነፍስ ወከፍ አንድ ጠርሙስ ውሃና ሁለት ሳምቡሳ፣ እንዲሁም ሽፋኑ ላይ ፀሐይ የምትወጣበት፣ ሰው ያሰበውን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል የሚለውን «የስበት ሕግ» የሚያስተምር አንድ የትርጉም መጽሐፍ ነበር። ከረባታቸው ከመጽሐፉ ሽፋን ይልቅ የሚያበራው አሠልጣኝ «ገንዘብ የሚሸሻችሁ በሐሳባችሁ ስለምታባርሩት ነው» ብለው አስረዱን። እዚያ አዳራሽ ከተሰበሰብነው መካከል ገንዘብ ሲያባርር የታየ ሰው እንደሌለ በየትኛውም ፍርድ ቤት ቀርቤ እመሰክራለሁ፤ ወር በገባ በ20ኛው ቀን ከባልደረባው ሲበደር የታየ ግን ሞልቷል።

ሆኖም ማማረር አይገባም፤ ማማረር አሉታዊ ኃይል ይስባልና። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የምስጋና ጽሑፍ ነው። አንባቢዎቼም ከአንድ አለቃ፣ ከአንድ ዘመድ ወይም ሠርግ ላይ ካገኛችሁት የቀድሞ የክፍል ጓደኛ እጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳይደርሳችሁ አይቀርምና አብራችሁኝ እንደምታመሰግኑ አልጠራጠርም።

መጻሕፍቱ በመጀመሪያ የሚመሰገኑት የአባቶቻችንን አንድ ስሕተት በማረማቸው ነው። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ በባለ ላሙ ያላግጡ ነበር። ዛሬ ግን ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ስታዲየም ባለው መንገድ ከእምብርቱ እስከ አገጩ መጽሐፍ ቆልሎ የሚዞረውን አዟሪ ብታስቆሙት፣ ልብ ወለዱንና ታሪኩን ከታች እንደ ተጫናቸው ትቶ፣ ከቁልሉ አናት የሚያነሣላችሁ ይህችኑ ላም ስለ ማለብ የሚያስተምረውን ነው። በአዲሱ ትምህርት መሠረት ጥፋቱ ላሟ በሰማይ መሆኗ ሳይሆን እኛ «አላይ» ማለታችን ነው። ዓይንን ጨፍኖ ወተቷን ማየት፣ አረፋውን ማሽተት፣ ላልተቀበሉት ወተትም አስቀድሞ ማመስገን ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ ማኪያቶ የጠጣ ሰው እስካሁን ባያጋጥመኝም፣ አለማጋጠሙ የራሴ አሉታዊነት ውጤት እንደ ሆነ ተነግሮኛል።

ትምህርቱ ትናንት የተፈለሰፈ እንዳይመስለን። ኤሚል ኩዌ የተባለ ፈረንሳዊ መድኃኒት ቀማሚ ከመቶ ዓመት በፊት «በየቀኑ፣ በሁሉም ረገድ፣ እየተሻለኝ ነው» የሚለውን ቃል ጠዋትና ማታ 20 ጊዜ እንዲደግሙ፣ ቁጥሩም እንዳይጠፋባቸው 20 ቋጠሮ ያለው ሲባጎ እንዲይዙ ተከታዮቹን ይመክር ነበር። መቁጠሪያ ይዘው 41 ጊዜ «እግዚኦ» ለሚሉት እናቶቻችን 20 ቋጠሮ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ልዩነቱ እናቶቻችን የሚለምኑት ራሳቸውን አለመሆኑ ብቻ ነው። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1937፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና ባልለቀቃቸው ዘመን፣ በማሰብ ስለ መበልጸግ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትመው በገፍ ሸጠዋል። ገበያው የሚደራው ኪስ ሲደርቅ ነው።

የትምህርቱን ታላቅነት በዓይኔ ያሳየኝ ግን በአንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ጎረቤቴ ነው። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ይመጣል። ጎረቤቴ ይህንኑ መጽሐፍ ከእኔ ሁለት ወር ቀድሞ ከአዟሪ ገዝቶ በሦስት ቀን ሲጨርሰው ፊቱ በርቶ መጣና «ጋሼ፣ ውሃ ለምን እንደሚጠፋብን ገባኝ» አለኝ። እኔ ግፊቱ ስላነሰ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ምክንያቱ በርሜሉ ኖሯል። በርሜል ሞልቶ ማስቀመጥ «ነገ ውሃ አይኖርም» ብሎ ለጽንፈ ዓለም ማመልከቻ ማስገባት ነው፤ ጽንፈ ዓለም ደግሞ፣ ከእኛ መሥሪያ ቤት በተለየ፣ ማመልከቻን በዕለቱ ይፈጽማል።

በማግሥቱ በርሜሉን ደፋው። ሦስቱን ቢጫ ጄሪካኖችም አጥቦ ገለበጣቸው። ከቧንቧው በላይ ባለው ግድግዳ «ውሃ ወደ እኔ በብዛት ይፈስሳል» የሚል ወረቀት ለጠፈ፤ ውሃው ሲመጣ እንዳይረጥብ ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኖታል፤ እምነት ማለት ይህ ነው። በየጠዋቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሳሙናውን ይዞ፣ ከደረቁ ቧንቧ ፊት ይቆምና ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን በአየር ይታጠባል። ቧንቧው አልፎ አልፎ ያፏጫል። ያን ጊዜ ጎረቤቴ አንድ ዓይኑን ብቻ ከፍቶ «ሰሙት፣ ጋሼ? እየመጣ ነው» ይለኛል። እኔም በትምህርት ቤት የተማርሁት የስበት ሕግ ነገር ሁሉ ወደ ታች እንደሚወርድ እንጂ ወደ ፈላጊው እንደሚሄድ ስለማይናገር፣ ዳገት ላይ ላለው ሰፈራችን ውሃው በፓምፕ መገፋት እንዳለበት ላስታውሰው ሞከርሁ። «ኧረ ጋሼ፣ አያሟርቱ!» አለኝ። በጎረቤት ዘንድ ሟርተኛ መባል ቀላል ነገር አይደለምና ከዚያ ወዲህ የፓምፕን ስም አላነሣሁም።

ተአምሩ ግን ተፈጸመ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ የጎረቤቴ ቤት ውሃ አላጣም። ቡናው ይፈላል፣ ልብሱ ይታጠባል፣ ባልዲው ከሥራ ሲመለስ ሞልቶ ይጠብቀዋል። «አየሽ?» ይላታል ሚስቱን። «አየሁ» ትለዋለች። በመጨረሻም ግቢው መካከል ቆሞ ምስክርነቱን በስልኩ ቀረጸና ለወዳጆቹ ላከ። ከመጽሐፉ ጋር ልታረቅ ጥቂት ሲቀረኝ፣ አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወደ ደጅ ብወጣ፣ ሚስቱ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በስልኳ መብራት እየታገዘች፣ እንደ ፈትል የቀጠነውን ውሃ በጆግ እየተቀበለች ወደ ጄሪካን ስትገለብጥ አገኘኋት። የሞሉትን አልጋ ሥር ትደብቃቸዋለች። ባሏ ጽንፈ ዓለምን እንጂ አልጋ ሥርን የማየት ልማድ የለውም።

እስከዚህ ድረስ ያሥቃል። የማያሥቀው በዚያ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት የምታደርግ ባልደረባችን ተቀምጣ መስማቷ ነው። አሠልጣኙ «በሽታም የሐሳብ ፍሬ ነው» ሲሉ ዓይኗን ወደ እጆቿ ጣለች። ይህን እንዲናገሩ ማን ፈቀደላቸው? ለእጥበት የሚከፈለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሌሊቱን ስታሰላ ለምታድር ሴት፣ ሕመምሽን የጠራሽው አንቺ ነሽ ብሎ፣ የቀን አበል ፈርሞ መውጣት ነውር ነው! በአገራችን የታመመ ይጠየቃል ሲባል ብርቱካን ተይዞ ነበር እንጂ ለምርመራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 የካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ እንዲደጋግሙ ሲደረጉ ቃሉን ካልደገሙት መሰሎቻቸው ይልቅ ስሜታቸው የከፋ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቃሉ ትንሽ የጠቀመው አስቀድመው ራሳቸውን የሚወዱትን ነው። ላልታመመ ብቻ የሚሠራ መድኃኒት መሆኑ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አለቆቻችን የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ከአንድ ወር ጭማሪ ምን ያህል እንደሚያንስ አስልተው በመገኘታቸው ሊደነቁ ይገባል፤ እነርሱ ግን ለራሳቸው ጭማሪ ሲወስኑ በመጽሐፍ አለመቀበላቸው ለእኛ ካላቸው ርኅራኄ የተነሣ፣ የሚታደለው እንዳያልቅብን ብለው ይመስለኛል።

ትናንት ሌሊት የውሃው ተራ የእኛ ስለ ነበር ጄሪካኔን ይዤ ወጣሁ። የጎረቤቴ ሚስት ቀድማኝ ደርሳ ነበርና እየተቀባበልን ስንቀዳ፣ በመስኮታቸው በኩል የባሏ ማንኮራፋት ይሰማል። «ይህ ጄሪካን ይከብድሻል፤ ለምን አንቀሰቅሰውም?» አልኋት።

«ይተዉት ጋሼ» አለች፣ ጠብታው ውጭ እንዳይወድቅ ጆጉን እያስተካከለች፤ «ውሃ እየሳበ ነው።»