ጥንድ ጃክ ይዞ ማመንታት

ክርክሩን ያስነሳው በፖከር ጨዋታ ላይ የደረሰ ጥንድ ጃክ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ካርታ የሚጫወቱ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ድሮ ኮንከር ነበር የሚጫወቱት፤ አሁን ወደ ፖከር ዞረዋል። ጨዋታቸው ውድድር ነው። ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ በተዋጣው የመንዝ በግ ይገዛል። ቺፕ እኩል ይታደላል፤ ያለቀበት ይነሳል። በጉን የሚካፈሉት የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ግማሹን፣ ሁለተኛው ሲሶውን፣ ሦስተኛው የተረፈውን ይወስዳል።

አንድ ቅዳሜ አምስት ሰው ሲቀር፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ የሆነው መምህር እጅ 18,000 ቺፕ ነበር። ካርታ ሳይታይ በተራ በግድ የሚገባው ብላይንድ ደግሞ ትንሹ 1,000፣ ትልቁ 2,000 ደርሷል። ያለው የ9 ትልቅ ብላይንድ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ሁለት ጃክ ደረሱት። 5,000 አስገባ። አንዱ እኩል አስገብቶ ተከተለው። ትልቁ ብላይንድ ላይ የነበሩት የእህል ነጋዴም 3,000 ጨምረው ተከተሉ። መሐል ላይ 16,000 ተጠራቀመ። ፍሎፕ የሚባሉት፣ ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ተገለጡ፦ ኪንግ፣ 7፣ 4። ነጋዴው ወዲያው «ኦል ኢን» አሉ፤ ያለኝን ሁሉ አስገባሁ ማለት ነው። መምህሩ ኪንጉ ላይ አፈጠጠ። ጃኮቹን አንስቶ አያቸው፣ መልሶ አስቀመጣቸው። በመጨረሻ ለሁሉም ገልጦ አሳይቶ ጣላቸው። ነጋዴው የእሳቸውን ሲገልጡ 8 እና 7 ነበር፤ ከጃኮቹ ያነሰ ጥንድ 7 ማለት ነው። ኪንግ የሚባል ነገር የለም።

መምህሩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በቀረችው 13,000 ጥሩ ካርታ ሲጠብቅ ብላይንዱ በላው፤ በጉን ሳይቀምስ አራተኛ ሆኖ ተነሳ። ጨዋታው ሲያልቅ ወሬው ሁሉ ወደዚያ ጃክ ተመለሰ።

«ቲቸር፣ ካርታህን እንዳየህ 18,000ውን በሙሉ መግፋት ነበረብህ» አለ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራው ልጅ።

«ለ3,000 ብላይንድ ብዬ ያለኝን ሁሉ ላስይዝ?»

«3,000 እኮ ካለህ ላይ አንድ ስድስተኛው ነው። ይቺ ትንሽ ናት?»

«አስና ኪንግ የያዘ ሰው ቢከተለኝስ? ኪንጉ እንደሆነ ወጥቷል። ያው ከጨዋታ መውጣቴ ነበር።»

«ከሆነ ትወጣለህ። ግን አስና ኪንግ ይዞ ቢመጣብህ እንኳ ከ100 ጊዜ ወደ 56ቱን የምታሸንፈው አንተ ነህ። ከጃክ ያነሰ ጥንድ ይዞ ከመጣ ደግሞ ከ5 ጊዜ 4ቱን። ጥንድ ጃክን የሚበልጡት አስ፣ ኪንግና ኩዊን ጥንዶች ብቻ ናቸው።»

ልጁ ቁጥር ይወዳል፤ ቁጥሩም ትክክል ነው። ቀጠለ። ጥንድ ጃክ ከያዝክ ፍሎፑ ላይ ከጃክ የሚበልጥ ካርታ ቢያንስ አንድ የሚወጣው ከ100 ጊዜ 57ቱን ነው። በኩዊን 41፣ በኪንግ 23 ይሆናል። «እንግዲህ ፍሎፑን አይቼ እወስናለሁ ካልክ፣ ከግማሽ በላይ ጊዜ ፈርተህ ልትጥል ገና ሳትጀምር ተስማምተሃል» አለው። ደግሞም 13,000 ጨምሮ መሐል ያለውን 16,000 እና የነጋዴውን 13,000፣ በድምሩ 29,000 ለማግኘት ከ100 ጊዜ 31 ማሸነፍ ይበቃ ነበር። መምህሩ ሒሳቡን ያስተምራል እንጂ ጠረጴዛው ላይ አላሰበውም።

ነጋዴው ግን በዚህ አልተስማሙም።

«ስማኝ ልጄ። ጥሩ እህል ያመጣ ገበሬ ገና ከገበያው በር ላይ አይጮህም። ሁሉን ከገፋህ ሁሉም ይሸሽሃል። እኔ ባለፈው ጥንድ አስ ይዤ 2,000 ብቻ አስገባሁ። አራት ሰው ገባልኝ፤ ጠርጌ ወሰድኩ።»

«ጋሼ፣ ጥንድ አስ በአንድ ሰው ላይ ከ100 ጊዜ 85ቱን ያሸንፋል። በአራት ሰው ላይ 56 ነው። እርስዎ አራት ጠርተው በዕድል ነው የተረፉት።»

«56 ቢሆንስ? የምወስደው የአምስት ሰው እኮ ነው!»

እዚህ ላይ ልጁ ዝም አለ። ዝም ማለቱም ልክ ነው። አምስቱም ያላቸውን ሁሉ ከፍሎፑ በፊት ቢያስገቡ ነጋዴው እውነታቸውን ነው፤ 56 ጊዜ አምስት እጥፍ መውሰድ 85 ጊዜ ሁለት እጥፍ ከመውሰድ ይበልጣል። መልሱን ያገኘችው ነርሷ ናት።

«ጋሼ፣ አራቱ ያላቸውን ሁሉ መቼ አስገቡ? 2,000 ነው ያስገቡት። ካርታው ያልመጣለት ጥሎ ይሄዳል፤ የመጣለት ብቻ ይቆያል። ያን ጊዜ ከፋዩ እርስዎ ነዎት።»

ነጋዴው ሳቁና ሻያቸውን ጠጡ። እሷ ግን ልጁንም አለቀቀችውም። «አንተም ብትሆን በጉን ረስተሃል። አምስት ሰው ቀርቶ ሦስት ሰው ነው የሚበላው። ከቲቸር ያነሰ ቺፕ የያዙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ቺፕህ እጥፍ ስለሆነ የበግህ ድርሻ እጥፍ አይሆንም፤ ሁሉን ጠርገህ ብትወስድ እንኳ ከግማሽ በግ አያልፍም። መቆየትም ዋጋ አለው።» ጃክ ስትራውስ የሚባለውን አሜሪካዊም አነሳች። እ.ኤ.አ. በ1982 ላስ ቬጋስ ላይ በወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር አንዲት ቺፕ ብቻ ቀርታው ሻምፒዮን የሆነው እሱ ነው።

«ታዲያ ያቺን ቺፕ ታቅፎ ተቀምጦ ነው እንዴ ያሸነፈው?» አለ ልጁ። «አስገብቶ አይደል?»

እኔ በጃኩ ነገር ከልጁ ጋር ነኝ፤ ቁጥሩን ስለሚያውቅ ብቻ ግን አይደለም። ዋናው ነገር 5,000 ማስገባቱ ለነጋዴው የሰጠው ዋጋ ነው። 8 እና 7 ይዘው 3,000 ጨምረው መሐል የነበረውን 13,000 ለማግኘት ገቡ። እኔም ብሆን እገባ ነበር። መምህሩ 18,000ውን ገፍቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ካርታ 16,000 መጨመር ነበረባቸው። አይጨምሩም። ቢጨምሩም ለመምህሩ ሠርግ ነው። በአጭር ቺፕ ጥንድ ጃክም ሆነ ጥንድ 10 ጉልበቱ ያለው ፍሎፑ ሳይወጣ ነው። ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ማመን ያቅተዋል።

በጥንድ አስና በጥንድ ኪንግ ግን የነጋዴውን ብልጠት ሙሉ በሙሉ አልጥልም። 9 ወይም 10 ትልቅ ብላይንድ ይዞ 4,000 ብቻ ማስገባትና ሌላው እንዲገፋ መጋበዝ ይሠራል። ፍሎፑ ምንም ይሁን ምን አልጥልም ብሎ ለቆረጠ ሰው ነው ታዲያ። ደግሞ በየሳምንቱ አብረውህ የሚጫወቱ ሰዎች ትንሽ ያስገባህ ቀን አስ እንደያዝክ፣ የገፋህ ቀን እንዳልያዝክ ቶሎ ይነቁብሃል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መግፋት ይሻላል።

ነርሷ ያነሳችው የበጉ ነገር ትልቅ ነው፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ቀድሞ የሚገፋ ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ወይ ሁሉም ይጥሉለታል፣ ወይ በካርታው ያሸንፋል። ሌላው ቀድሞ ገፍቶ የሚከተል ሰው ግን ያለው ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው። ብዙ ቺፕ ያለው ሰው ከመምህሩ በፊት ገፍቶ፣ ትንሽ ቺፕ የያዙት ሁለቱ ገና ቁጭ ብለው ቢሆን ኖሮ ጥንድ ጃክም ያሳስባል፤ በዚያ ቦታ ቢጥለው አልወቅሰውም። ሽልማቱ፣ ማለትም የትልቁ ውድድር መግቢያ ትኬት፣ ለአሸናፊዎቹ ሁሉ እኩል በሚሆንበት ሳተላይት በሚባለው የማጣሪያ ውድድር ደግሞ ትኬት ለማግኘት የአንድ ሰው መውጣት ብቻ ሲቀር ጥንድ አስ እንኳ የሚጣልበት ጊዜ አለ። የዚያን ቅዳሜ ግን መምህሩን ቀድሞ የገባ አልነበረም።

ይልቅ እኔን የቆጨኝ ጃኩን ከጣለ በኋላ ያደረገው ነው። 13,000 ይዞ ሌላ ትልቅ ጥንድ ጠበቀ። ከ10 እስከ አስ ያሉት ጥንዶች በአማካይ ከ44 እጅ፣ ማለትም ካርታ 44 ጊዜ ሲታደል፣ አንዴ ነው የሚመጡት። አምስት ሰው ባለበት ጠረጴዛ በየአምስት እጁ 3,000 ይከፈላል። 13,000 ቢበዛ 21 ወይም 22 እጅ ያህል ታደርሳለች። ያን ጊዜ አስና 9፣ ጥንድ 5፣ ኪንግና ኩዊን እየጣለ ነበር። በእነዚያ መግፋት ነበረበት፤ ያውም ቺፑ ሌላውን ሰው ማስፈራራት በሚችልበት ሰዓት፣ ቶሎ።