ቲያትር ሰፈር ድረስ ሲመጣ

የሰፈር ቲያትር ክበቦች ዳር ዳር ያለው ሰፈር ላይ የራሳቸውን ፌስቲቫል ያዘጋጁ ላላችሁት እስማማለሁ፣ እኛ የካ አባዶ ያለን ሰዎች ብሄራዊ ቲያትር ሄደን ብናይ ማታ መመለሻ ታክሲ ከየት ይመጣል? ባለፈው ክረምት የብሎካችን ልጆች ኮሙናል (የኮንዶሚኒየሙ የጋራ አዳራሽ) ውስጥ ቲያትር ሰርተው ነበር፣ ወንበሩ ከእድር በውሰት፣ መሀል ላይ መብራት ድርግም አለ፣ ሰው ሁሉ የሞባይሉን ባትሪ አብርቶላቸው ጨረሱት፣ አሮጊቷን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ደግሞ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ድምፁን ሲውጥበት "ምን አልክ አንተ ሰማይ?" ብሎ ቀና ሲል በሳቅ ሞትን። ስክሪፕቱ ላይ የለም አሉ 😂 ደረጃውን ያልጠበቀ ምናምን የምትሉ፣ ስኮትላንድ ያለው ትልቁ የቲያትር ፌስቲቫል፣ የኤድንብራው ፍሪንጅ ራሱ እኮ በ1947 እ.ኤ.አ ወደ ከተማው ዋና ፌስቲቫል ማንም ሳይጋብዛቸው በሄዱ 8 ቡድኖች ነው የተጀመረው። አሁን የቸገረን አዳራሽ ነው፣ ኮሙናሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ አለበት