ለመቅበር ማንም አይከለከልም

በጅማ ከተማ ውስጥ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሁሉ ሊኮራበት የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ለሟች ያላቸው ክብር ነው። የአንድ ሠራተኛ አባት ወይም እናት ማረፋቸው በተሰማ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመዋጮ ዝርዝር ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ ሚኒባስ ይመደባል፤ የለም ሲባል የከረመው ነዳጅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይገኛል፤ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ያለው ሰው ሁሉ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። ሟቹ ሙስሊም ከሆኑ ቀብሩ በዕለቱ ስለሚፈጸም ቅልጥፍናችን ይበልጥ ይደነቃል። የአገልግሎት አሰጣጥ ችግር አለባችሁ እያሉ የሚያሙን ባለጉዳዮች በዚያች ሰዓት መጥተው ቢያዩን ምንኛ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት ቢሮው ዝግ ነው።

ይህን ውዳሴ የምጽፈው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። ባለፈው ሰኔ የአንድ ባልደረባዬ አባት ታመው ከሰቃ ወደ ከተማ መጡና አልጋ ያዙ። በአገራችን አልጋ የያዘ በሽተኛ አስታማሚ ሊኖረው ግድ ነው፤ የታዘዘውን መድኃኒት ወጥቶ የሚገዛ፣ የላቦራቶሪ ውጤት የሚያመጣ፣ በሽተኛውን የሚያገላብጥ፣ ሌሊት ጉሉኮሱ ማለቁን አይቶ ነርስ የሚጠራ እርሱ ነውና። «የሰባት ቁጥር አስታማሚ!» የሚል ጥሪ በኮሪደሩ ሲሰማ ብድግ የሚል ሰው ከሌለ፣ የሰባት ቁጥር ጉዳይ እዚያው ይቆያል። ባልደረባዬም የ10 ቀን ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻ ጽፎ አቀረበ። አለቃችን በታላቅ ርኅራኄ አነበቡት፤ «አላህ ያሽራቸው» አሉ፤ ቀጥለውም ከዓመት ፈቃዱ የተረፈው እንዳለ ጠየቁት። አልተረፈውም፤ በመጋቢት ሚስቱ ስትወልድ ጨርሶታል። «እንግዲህ የበጀት መዝጊያ ነው፤ የሥራውን ጫና አንተው ታውቀዋለህ። እህት የለህም?»

የአገራችን የቤተሰብ እንክብካቤ ፖሊሲ ተጽፎ አያውቅም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ «እህት የለህም?» የሚለው ሙሉ ፖሊሲ ነው። በጀት አይጠይቅም፣ መመሪያ አያስፈልገውም፣ ምክር ቤት ቀርቦ አይከራከሩበትም። እህት ከሌለ ሚስት አለች፤ ሚስትም አራስ ከሆነች ከገጠር የምትመጣ የአክስት ልጅ አትጠፋም፤ ትምህርቷን ማቋረጧ ደግሞ ለማንም ሪፖርት አይደረግም። ባልደረባዬ እህት አለችው። በአንድ መጋዘን ቡና ትለቅማለች፤ ክፍያዋ በቀን ነው፤ አንድ ቀን ከቀረች የዚያን ቀን ሒሳብ ታጣለች፣ ሦስት ቀን ከቀረች ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ታገኛለች። ስለዚህ ቀን ቀን እርሷ እየቀረች፣ ሌሊት ሌሊት እርሱ እያደረ ተካፈሉት፤ እርሱም ጠዋት በቀላ ዓይን እየመጣ የሒሳብ መዝጊያውን ይሠራ ነበር። እኛም እንደ ወግ ደንቡ «አይዞህ» እያልን እናልፈው ነበር። ብዙ ጊዜ ብለነዋል።

ሕጉም ከባህላችን ጋር እንዴት እንደተዋደደ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው ሲያገባ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወላጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመዱ ሲሞት ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ወላጁ ቢታመም ግን ለዚያ ተብሎ የተመደበ ፈቃድ የለም፤ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም የሚሰጠው እስከ 5 ቀን የሚደርስ ፈቃድ ቢኖርም፣ እርሱ ያለ ክፍያ ነው። ሕግ አውጪው በጥልቀት እንዳሰበበት ግልጽ ነው፤ አባትህ ቢሞቱ በደመወዝ፣ ባይሞቱ ያለ ደመወዝ። በዚያው አዋጅ ሠራተኛው ራሱ ቢታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፤ ስለሆነም ብልሆቹ መፍትሔውን ቀድመው ደርሰውበታል፤ እናታቸውን ሲያማቸው የልጅየውን ወገብ ይይዘዋል። በመሥሪያ ቤታችን የወገብ ሕመም ለምን እንደበዛ የሚያጠና ሰው ቢገኝ፣ ከወንበሮቹ ይልቅ የወላጆቻችንን ዕድሜ ቢመረምር ይሻለዋል።

በወሊድም ቢሆን አንታማም። ለአራሷ ገንፎ ይዘን ሄደን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የማንል፣ ሕፃኑን አቅፈን ማንን እንደሚመስል የማንከራከር ማን አለን? ለአባትየው ደግሞ ሕጉ 3 ተከታታይ ቀናት ሰጥቶታል፤ አቂቃው በ7ኛው ቀን፣ ክርስትናው ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን መሆኑ የሃይማኖት አባቶች ከአዋጁ ጋር ባለመመካከራቸው የተፈጠረ ክፍተት ነው። በ4ኛው ቀን ቢሮ የተገኘ አባት «ጎበዝ ሠራተኛ» ይባላል፤ ልጅ በዕድሉ ያድጋላ። እናትየው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አላት፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድ እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ምንም እንዳትሰጪ ትባላለች፤ የቀሩትን 3 ወራት ጡቷን ቤት ትታ ሥራ እንድትገባ የሚያስችል ዘዴ እስኪፈለሰፍ መታገሥ የእርሷ ፈንታ ነው።

ሥራ ፈት ሰዎች ግን አያርፉም። በደመወዝ የሚሰጥ የቤተሰብ ፈቃድ በሕግ ይውጣ፤ አባትም ከ3 ቀን የበለጠ ይሰጠው፤ ወላጁ ወይም ልጁ በጽኑ የታመመበት ሰው ለማስታመም የሚበቃ ቀን ይኑረው ይላሉ። ወጪውስ ሲባሉም መልስ አያጡም። ዛሬ የወሊድ ፈቃድ ደመወዝ ከእያንዳንዱ አሠሪ ኪስ ስለሚወጣ ነው፣ ይላሉ፣ ወጣት ሴት ለቅጥር ስትቀርብ «አግብተሻል? ለመውለድስ አስበሻል?» የምትባለው፤ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ቁጥር 183 ስምምነት ክፍያው ከግዴታ ማኅበራዊ መድን ወይም ከመንግሥት ገንዘብ እንዲሆን ያለው ይህንኑ አድልዎ ለመከላከል ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ እንደሚያዋጡ ሁሉ ለዚህም ጥቂት ቢያዋጡ አንድ ድርጅት ብቻውን አይጎዳም። ይባስ ብለው እድርን ምሳሌ ያደርጋሉ፤ ገና ላልመጣ ሐዘን በየወሩ ሳያጓድል የሚያዋጣ ሕዝብ መድን ምን እንደሆነ አይገባውም ማለት ነውር ነው ይላሉ። ይህ እንኳ ትንሽ አስደንግጦኛል። የእድራችንን ድንኳን፣ ድስትና ወንበር የገዛነው ሰው ከሞተ በኋላ እንዲያገለግል ነው፤ ሳይሞት እንድረስለት ብሎ መተዳደሪያ ደንብ ማሻሻል ከየት የመጣ ልማድ ነው?

ለማንኛውም የባልደረባዬ አባት ረቡዕ ረፋድ ላይ አረፉ። ልጅየው የሒሳብ ሰነድ ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ እህቱ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስለነበር የደወለችለት የስምንት ቁጥር አስታማሚ ናት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የመሥሪያ ቤታችንን ስም የሚያስጠራ ነው። የሥራ ጫናው ወዲያው ለቀቀ። ወደ ሰቃ በተመደቡት ሁለት መኪኖች ስንሳፈር ቆጥሬአለሁ፤ 38 ሰዎች ነበርን፤ ግማሽ ቀን ሠውተናል። ይህ በሥራ ቀን ሲሰላ 19 ይሆናል፤ ልጅየው ከለመናቸው 10 ቀናት ዕጥፍ ለመሙላት የጎደለው አንዲት ቀን ብቻ ናት፤ ያውም ነዳጁ ሳይታሰብ። አለቃችን ከፊት ተቀምጠው መንገዱን ሁሉ አዘኑ፤ እንደደረስንም አቅፈውት «ምነው እንዲህ መጽናቱን ሳትነግረን?» አሉት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ ሐዘን የጎዳው መሰለን።

በሕግ የተሰጡትን 3 ቀናት ጨርሶ በተመለሰ ዕለት፣ ያቺ የሰኔ ማመልከቻ በመዝገብ ቤት በኩል ዞራ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀችው። ከግርጌዋ በቀይ እስክሪብቶ፣ ከፊርማና ከቀን ጋር፣ እንዲህ ተመርቶባታል፦ «የተጠየቀበት ጉዳይ እልባት ያገኘ ስለሆነ ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዝ።»

ተያይዟል።