ሟርተኛው ፕሮፌሰርና የጅማ ባጃጅ

ባለፈው ሳምንት ከሄርማታ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምትሄድ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ለሦስት ሰው በተሠራው የኋላ ወንበር አራት ተደርድረዋል። እኔና አንድ ጎልማሳ ከፊት ሾፌሩን ከግራና ከቀኝ አቅፈነዋል፤ ግማሽ ጎኔ ውጭ ነው። ሾፌሩ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል ሰክቶ ያወራል። እግሬ ሥር አፉ በፌስታል የታሰረ፣ ቤንዚን የሞላ ሃይላንድ ተቀምጧል። «ወንድሜ፣ ይቺ ነገር...» ብዬ ሳልጨርስ ከኋላ አንዲት እናት ቀደሙኝ፦

«ልጄ፣ አታሟርትብን!»

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው።

ኡልሪክ ቤክ የተባለው ጀርመናዊ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር እኚህን እናት ሳያገኝ በ2015 እ.ኤ.አ. መሞቱ ይቆጨኛል። ሰውየው በ1986 እ.ኤ.አ. ስለ «ስጋት ማኅበረሰብ» አንድ መጽሐፍ ሙሉ ጻፈ። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ የጥንት ሰው የሚፈራው ድርቁን፣ አንበጣውን፣ ከላይ የመጣውን ነበር፤ የዛሬው ሰው ግን ሀብት ሲያመርት አደጋውንም አብሮ ያመርታል። ያውም የማይታይ፣ የማይሸት አደጋ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቼርኖቢል ፈነዳ፤ ነፋሱም ጨረሩን እስከ ጀርመን ድረስ አደረሰው። እዚያ አገር መጽሐፉን ተሻሙበት፣ ሰውየው ተከበረ። ጅማ ቢሆን ኖሮ «አፉ ነው ያመጣብን» ተብሎ ሰፈር ይቀይር ነበር።

እኛ ስጋትን ያጠፋነው በጥናት አይደለም። ስሙን የሚጠራውን ሰው ሟርተኛ በማለት ነው። ወጪው ዜሮ፣ በሁለት ቋንቋም ይሠራል፦ በአማርኛ «ምንም አይሆንም»፣ በኦሮምኛ «ረኮ ሂንቀቡ»።

እንግሊዛዊው ሶሲዮሎጂስት አንተኒ ጊደንስ ደግሞ ዘመናዊ ሰው ፊቱን አይቶት የማያውቀውን አብራሪ አምኖ አውሮፕላን ይሳፈራል ይላል፤ የሚያምነው ሰውየውን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ሥርዓት ነው። ምን ዓይነት ደረቅ እምነት ነው! እኛ ፊት አይተን ነው የምናምነው። እስቲ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አባዱላ፣ ያንን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊነዳህ ከተነሣ ሾፌር አጠገብ ተቀምጠህ ቀበቶ ሳብ አድርግ። ዞር ብሎ ያይሃል። «ምነው ጋሼ፣ አላመኑኝም?» ጨዋ ከሆንክ ትለቀዋለህ። ትራፊክ ፖሊስ ብቅ ሲል ብቻ እንደ ጋቢ ደረትህ ላይ ጣል ታደርጋለህ፤ ካለፋችሁ በኋላ ወደ ቦታው። ለሕግ አክብሮት፣ ለሾፌሩም አክብሮት።

ሞተረኞቻችንም አይረሱ። ሄልሜቱን ክርናቸው ላይ አንጠልጥለው ሲያልፉ ሳይ ልቤ በኩራት ይሞላል። እንደ ጅማ ሞተረኛ ክርኑን የሚጠብቅ የት ይገኛል? ጭንቅላትማ ቀኑ ካልደረሰ ምን ይሆናል።

ቤክ ከሁሉ በላይ የተራቀቀበት «የተደራጀ ኃላፊነት የለሽነት» የሚለው ሐሳቡ ነው፦ በአንድ አደጋ ውስጥ ፋብሪካው፣ ባለሙያው፣ ሕግ አውጪው፣ ሁሉም እጁ ስላለበት ጥፋተኛው አይገኝም። ለዚህ አውሮፓ ስንት ተቋም አስፈለጋት! እኛ ሦስት ሰው ይበቃናል። ባጃጇ ስትገለበጥ ሾፌሩ ጉድጓዱን ይከስሳል፣ የጉድጓዱ ባለቤት ዝናቡን ይከስሳል፣ ዝናቡ የፈጣሪ ነው። ፋይሉ እዚያ ላይ ይዘጋል። ጅማ ደግሞ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ዝናብ አጥታ አታውቅም።

ወደ ባጃጄ ልመለስ። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ጉድጓድ እየዘለለ፣ በሌላው የጫት ቅጠል እየመረጠ በሰላም አደረሰን። እናትየው «አየህ?» አሉኝ። አየሁ። ወርጄ ሃምሳ ብር ዘረጋሁ። ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ዘጋ። ብሩን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሣው፣ ገለበጠው፣ ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው፣ መለሰልኝ።

«ይሄማ ትንሽ ተቀዷል ጋሼ። ሌላ ካለዎት ይስጡኝ፤ ኋላ እኔ ላይ ይቀራል።»