አክተሩ እኮ መሞት ነበረበት!

ቅዳሜ ማታ ቤታችን የካውቦይ ፊልም ሰዓት ነው። አባዬ በጉርምስናው ሲኒማ ራስ ተሰልፎ ያየውን ሁሉ ዛሬ በዩቲዩብ እንደገና እያየ ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ይከፍታል። የእኔ ጥፋት ደግሞ ፊዚክስ ማስተማሬ ነው። ዛሬስ አልናገርም ብዬ እምላለሁ፤ ቶናው ሳይቀዳ መሐላዬ ይፈርሳል። ትናንት "ወይ ዝም በል፣ ወይ ጓዳ ገብተህ የተማሪዎችህን ወረቀት አርም" ተባልኩ። በ38 ዓመቴ! እንግዲህ እዚህ ልተንፍሰው።

መጀመሪያ ይሄ የሚበረው ሰውዬ። አንዲት ጥይት ደረቱ ላይ ታርፍና የመጠጥ ቤቱን መስኮት ሰብሮ ውጭ ፈረስ የሚጠጣበት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ወገኖቼ፣ በዚያ ዘመን ስሙ የገነነው በ1873 የወጣው ኮልት ሽጉጥ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ)። የሚተፋው እርሳስ 16 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 270 ሜትር አካባቢ ነው። ግራሙን ወደ ኪሎ ቀይሩ፣ ሁለቱን አባዙና ለ70 ኪሎ ሰው አካፍሉት። የተመታው ሰውዬ ወደኋላ የሚሄደው በሰከንድ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ስድስት! ይሄ የኤሊ አካሄድ ነው። ጥይት ይገድላል፣ አጥንት ይሰብራል፣ ሰውየው እዚያው ክምር ይላል፤ አይበርም። ይበራል ከተባለማ ተኳሹም ወደኋላ መብረር ነበረበት፤ ኒውተን ለአክተር ብሎ ሕጉን አላላላም። ይህን ስል አባዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አክተሩማ ጠንካራ ስለሆነ ነው የቆመው።"

ስድስት ጎራሿ 11 ጊዜ ስትተኩስ ቆጥሬያለሁ። ጠንቃቃ ሰው እንኳን 11፣ ስድስትም አያጎርሳትም ነበር፤ መምቻው ባዶ ቀዳዳ ላይ እንዲያርፍ አምስት ብቻ ነበር የሚሞላው። ይሁን፣ አለፍኩት።

የማላልፈው መምዘዙን ነው። ክፉው ቀድሞ ይመዛል፣ አክተሩ ዘግይቶ መዝዞ ይገድለዋል፤ ሁልጊዜ! ይሄ ነገር ኒልስ ቦርን ሳይቀር እንቅልፍ ነስቶታል። አዎ፣ የአቶሙ ቦር፣ በ1922 ኖቤል የተሸለመው። ካውቦይ ፊልም ይወድ ነበር። ቀድሞ የሚመዝ ሰው አስቦ መወሰን አለበት፣ ሁለተኛው ግን ሳያስብ ስለሚመዝ ይፈጥናል የሚል መላ ምት አመጣ። ከዚያ የመጫወቻ ሽጉጥ ተገዝቶ ከፊዚክስ ሊቁ ከነጆርጅ ጋሞቭ ጋር ተሞከረ፤ እየዘገየ የሚመዘው ቦር አሸነፈ ይባላል። (እኛ ስታፍ ክፍል ውስጥ እንዲህ ብንሞክር ማስጠንቀቂያ ይጻፍብናል።)

በ2010 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ በሽጉጥ ፈንታ አዝራር እያስነኩ ፈተኑት። ቦር ግማሹን አግኝቶታል፦ አይቶ የሚነሳው እጅ በእርግጥ ይፈጥናል፣ በ20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ግን ባላንጣው መነቃነቁን አይቶ እስኪነሳ ድረስ ብቻ 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሄድበታል። 200 ብር ዕዳ ያለበት ሰው 20 ብር ይዞ ሲመጣ አስቡት። አክተሩ ሞቷል በቃ። ጨዋነቱ ነው የገደለው።

"እውነተኛውስ?" ለሚለኝ፦ ኦክቶበር 26 ቀን 1881፣ ቱምስቶን፣ አሪዞና። ሕግ አስከባሪዎቹ ዋያት ኧርፕና ወንድሞቹ ከወዳጃቸው ዶክ ሆሊዴይ ጋር ሆነው የተታኮሱበት፣ በፈረስ በረቱ ስም "ኦ ኬ ኮራል" የሚባለው። ኮራሉ ውስጥ እንኳ አይደለም፤ ከኋላ በሩ አለፍ ብላ ባለች ጠባብ ባዶ ቦታ ነው። በጥቂት ሜትር ርቀት፣ በ30 ሰከንድ ገደማ ወደ 30 ጥይት ተተኩሶ ሦስት ሰው ሞተ። እዚያ ርቀት ላይ ቆመው እንኳ ስንቱን እንደሳቱት አስሉ! ደግሞ የጥቁር ባሩድ ዘመን ነው፤ ጭስ የማያበዛው ባሩድ ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሁለት ሦስቴ ከተተኮሰ በኋላ ቦታው እጣን እንደበዛበት ቤት ይታፈናል። ፊልሙ ላይ ግን አየሩ ጥርት ያለ ነው፣ የአክተሩ ሰማያዊ ዓይን ሳይቀር ይታያል። እኔን የሚያበግነኝ ደግሞ የጠቡ መነሻ ነው፦ ኧርፖች የሄዱት ከተማ ውስጥ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው የሚለውን ደንብ ለማስከበር ነበር። መሣሪያ ሊያስፈቱ! ፊልሙ ላይ ግን አስተናጋጁም ታጥቋል።

አንዴ ብቻ ተሰምቻለሁ። ፊት ለፊት ቆሞ መማዘዝ ጨርሶ አልነበረም አልልም፤ ጁላይ 21 ቀን 1865፣ ስፕሪንግፊልድ፣ ሚዙሪ፣ ሁለት ቁማርተኞች፣ ዋይልድ ቢል ሂኮክና ዴቪስ ተት፣ አደባባይ ላይ በ70 ሜትር ገደማ ርቀት ተታኮሱ። ተት ሳተ፣ ሂኮክ አልሳተም። የተጣሉት በቁማር ዕዳ በተያዘች የኪስ ሰዓት ነው። ይህን ስናገር አባዬ ሪሞቱን አንስቶ ፊልሙን አቆመው።

"ሰዓቷስ ማን ጋ ቀረች?"

ስለ ኒውተን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም።